ራጁ ይታከም ወይስ ሰውየው?

አንገት የተፈጠረው አዙሮ ለማየት ነው ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ማለታቸው ሰው የመጣበትን መንገድ እንዳይረሳ ለመምከር ነው። ዛሬ ግን በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያቀረቀሩትን፥ በየቤተ መጻሕፍቱ የተደፉትን ወጣቶች የተመለከተ ሰው ምሳሌውን በቁሙ ለመውሰድ ይገደዳል። አዙሮ ማየት ያቃተው አንገት በዝቷልና። ከኋላው ሲጠሩት አንገቱን ትቶ ከወገቡ ጀምሮ እንደ መዝጊያ የሚዞረውን፥ ሌሊት በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ የሚጨነቀውን፥ መዝገብ ለማንሣት እጁን ሲዘረጋ ከትከሻው እስከ ጣቱ ኤሌክትሪክ የነካው ያህል የሚነዝረውን ሠራተኛ የማያውቅ አንባቢ አለ ለማለት ያስቸግራል።

በዛሬው ጽሑፌ የምናገረው ለሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ እንደ አመጣጡ ስለሚሄደው ሕመም አይደለም። ከሦስት ወር በላይ ስለ ሰነበተውና ምርመራ ሲደረግለት የአንገት ዲስክ ጉዳት የሚል ስም ስለሚሰጠው ሕመም ነው። እንዲህ የሚል ወረቀት የተቀበለ ወጣት በዚያው ሳምንት ከአሥር ሰው አሥር ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ ጥሩ ወጌሻ ይጠቁመዋል፤ ሁለተኛው መርፌ ይነግረዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ባንኮክ ወይም ሕንድ ሄደህ ቀዶ ጥገና ካላደረግህ ሽባ መሆንህ ነው» እያለ ያስደነግጠዋል። በእኔ አስተያየት ከሕክምና ማጣት ባልተናነሰ የሚጎዳን ቅደም ተከተሉን ማፋለሳችን ነው። ሕመሙ ከየትኛው ዓይነት እንደ ሆነ ሳንጠይቅ ማን እንደሚያድነን እንጠይቃለን። ሰውየውን ትተን ፎቶግራፉን ለማሳከም እንሮጣለን።

ነገሩን ከመሠረቱ ለመረዳት ያህል የአንገትን አሠራር በአጭሩ እንመልከት። አንገታችን 7 አጥንቶች ተደራርበው የቆሙበት ምሰሶ ሲሆን፥ ከ4 ኪሎ ተኩል እስከ 5 ኪሎ የሚመዝነውን ራሳችንን ቀኑን ሙሉ ተሸክሞ ይውላል። ከላይኞቹ ከሁለቱ አጥንቶች መካከል በስተቀር በየአጥንቱ መካከል ዲስክ የሚባል ትራስ መሰል ነገር አለ። የዲስኩ ዳር እንደ ሰፌድ ዙር በዙር በተደራረበ ጠንካራ ክር የተሠራ ነው፤ መካከሉ ደግሞ ውሃ የበዛበት ለስላሳ ነገር ነው። የዐዋቂ ሰው ዲስክ የራሱ የደም ሥር የሌለው ያህል ስለ ሆነ ምግቡን የሚያገኘው ከጎረቤቱ አጥንት እየሰረገ ከሚመጣለት ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ሲጎዳ እንደ ቆዳ ቁስል ቶሎ አይሽርም። ዕድሜ ሲጨምር ውሃው ይቀንሳል፤ ትራሱም ይሳሳል። ከዲስኮቹ በስተጀርባ ከአንጎል የሚወርደው ኅብለ ሰረሰር ያልፋል፤ ከእርሱም በየጎኑ ወደ ክንድና ወደ እጅ የሚሄዱ ነርቮች ይወጣሉ። የነገሩ ሁሉ ቁም ነገር ያለው በዚህ ጉርብትና ላይ ነው።

ሕዝባችን ጉዳቱን «ዲስክ ተንሸራተተ» ይለዋል። ይህ ስም ግን አሳሳች ነው። ዲስክ እንደ ሳሙና አፈትልኮ የሚሄድ ነገር አይደለም፤ ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር የተጣበቀ ነው። የሚደርስበት ነገር መድረቅ፥ መሳሳት፥ ወደ ውጭ ማበጥ፥ ወይም ዳሩ ተቀዶ መካከሉ መውጣት ነው። ስም ደግሞ ሥራን ይመራል። ዲስክህ ተንሸራተተ የተባለ ሰው «እንግዲያስ ማን ይመልስልኝ?» ማለቱ አይቀርም። ከዚህ የተነሣ አንዱ በመጎተት፥ ሌላው በማሸት፥ ሦስተኛው በመጠምዘዝ ሊመልስለት ይነሣል። ተቀዶ የወጣው ክፍል ማንም ሳይነካው በወራት ውስጥ እየኮሰመነ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ መሆኑን ግን የሚነግረው ጥቂት ሰው ነው።

አሁን ወደ ፎቶግራፉ እንምጣ። ራጅ አጥንትን እንጂ ዲስክንና ነርቭን አጥርቶ አያሳይም። ኤም አር አይ የተባለው መሣሪያ ግን ሁሉንም ፍንትው አድርጎ ያሳያል። እንዲህ ያለ መሣሪያ መገኘቱ ትልቅ ጸጋ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ የሚያሳየው ነገር ሁሉ በሽታ አይደለም። በ2015 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የጃፓን ሐኪሞች አንገታቸውን ምንም የማያማቸውን 1,211 ሰዎች በዚሁ መሣሪያ መርምረው ውጤቱን አሳትመዋል። ከእነዚህ ጤነኞች መካከል 87.6 ከመቶ የሚሆኑት ያበጠ ዲስክ ተገኝቶባቸዋል። ከ20 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ካላቸው እንኳ ከወንዶቹ 73.3፥ ከሴቶቹ 78 ከመቶ ዲስካቸው ያበጠ ነበር። ኅብለ ሰረሰራቸው ተጭኖ የተገኘው ግን 5.3 ከመቶ ብቻ ናቸው። እንግዲህ ይህን ጋዜጣ በመልካም ጤንነት የሚያነብ ወጣት ዛሬውኑ ቢመረመር «ዲስክህ አብጧል» የሚል ወረቀት ይዞ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ወረቀቱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ብቻውን ፍርድ ሊሰጥ አይችልም። እንደ አንድ ምስክር ይሰማ እንጂ እንደ ዳኛ አይቀመጥ።

ዳኛው ሰውየውን የመረመረ ሐኪም መሆን አለበት። ከጥቂት ጊዜ በፊት ከዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የወጣ ጓደኛዬ ይህን ሕመም ታሞ፥ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ወደ ውጭ አገር የሚልከውን ገንዘብ ያዋጣለት ጀምሮ ነበር። በመጨረሻ ዕድሜያቸው ወደ ገፋ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ እርሳቸው ፖስታውን እንኳ ሳይከፍቱ፥

«እስቲ ልጄ፥ የሸሚዝህን ቁልፎች ፈትተህ መልሰህ ቆልፍ» አሉት።

«ዶክተር፥ ፎቶግራፉን አያዩትም እንዴ?»

«አየዋለሁ፤ መጀመሪያ ግን አንተን ልይህ።»

ቀጥለውም አስኬዱት፤ ጉልበቱንና ክርኑን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረጉ፤ እጃቸውን ጨብጦ እንዲገፋቸው አዘዙት። ፖስታው የተከፈተው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጓደኛዬ ተጎድቶ የተገኘው አንድ ነርቭ ሲሆን፥ ወደ ውጭ አገር ሳይሄድ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ሥራው ተመልሷል። የተዋጣውም ገንዘብ ለየባለቤቱ ተመለሰ።

የእኒያ ሐኪም ምርመራ የተራቀቀ ቢመስልም የሚለየው ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ሕመሙ በአንገትና በትከሻ አካባቢ ብቻ የሚቀር ነው። ይህ እጅግ የሚያሰለች ቢሆንም አደጋው አነስተኛ ነው፤ ከዲስክ፥ ከመገጣጠሚያ ወይም ከጡንቻ የትኛው እንዳመጣው አጥርቶ መናገርም ብዙ ጊዜ አይቻልም። ሁለተኛው ዓይነት ነርቭ ከሥሩ ሲነካ የሚመጣው ነው። ሕመሙ ወደ ክንድ ይወርዳል፤ አውራ ጣት ወይም የመካከለኛው ጣት ይደነዝዛል፤ አንዳንድ ጊዜም ክንድ ይሰንፋል። ሦስተኛው ኅብለ ሰረሰሩ ራሱ ሲጫን የሚታየው ነው። የዚህ ክፋቱ ሕመሙ ቀላል ሆኖ ሳለ ጉዳቱ ከባድ ሊሆን መቻሉ ነው። እጅ ጥበቡን ያጣል፤ ቁልፍ መቆለፍ፥ እንጀራ ጠቅልሎ መጉረስ፥ መፈረም ያስቸግራል፤ እግር ይከብዳል፤ አካሄድ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል፤ ሽንትን መቆጣጠርም ሊያዳግት ይችላል። የሦስቱ ዓይነት ሕክምና እየቅል ነው። ስለዚህ «ለአንገት ዲስክ መድኃኒቱ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ጎዶሎ ነው። ከሦስቱ የትኛው ነው ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ከዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልጨምር ባልፍ ጽሑፌ ሊጎዳ ይችላል። ሥር የሰደደ የአንገት ሕመም ሁሉ ከዲስክ አይደለም። በአገራችን በብዛት ያለው የነቀርሳ በሽታ ከሳንባ አልፎ አከርካሪ አጥንትን ይበላል። ስለዚህ ሕመሙ ከትኩሳት፥ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ሲመጣ፥ ካንሰር ታሞ የነበረ ሰው አዲስ የአንገት ሕመም ሲሰማው፥ ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ ሲጀምር፥ ክንድ እየደከመ ሲሄድ፥ ወይም ከላይ በሦስተኛው ዓይነት የዘረዘርኋቸው ምልክቶች ሲታዩ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጊዜ አይደለም፤ በቶሎ ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

አደገኛው ነገር የለም ከተባለ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ሕክምና ሰው ሕክምና ብሎ የማይቆጥረው ነው፤ ይኸውም ጊዜና እንቅስቃሴ ናቸው። በአሜሪካ በሮቸስተር ከተማ ከ1976 እስከ 1990 በዚህ የነርቭ ሕመም የተያዙ 561 ሰዎች ታሪካቸው ተጠንቶ በ1994 ታትሟል። ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሩብ ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፥ በመጨረሻው ክትትል ጊዜ ከመቶው 90ዎቹ ሕመሙ ጨርሶ ለቋቸዋል ወይም እጅግ ቀሎላቸዋል። የአንገት ሕመም ብቻ ያለባቸውንም በሚመለከት በፊንላንድ ተደርጎ በ2003 የታተመ ጥናት አለ። የተጠኑት 180 የቢሮ ሠራተኞች የሆኑ ሴቶች ሲሆኑ ሕመሙ የሰነበተባቸው ነበሩ። የአንገትንና የትከሻን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ለአንድ ዓመት የሠሩት፥ ሰውነታቸውን ብቻ እያፍታቱ ከቆዩት ይልቅ በግልጽ ተሽሏቸው ተገኝተዋል። ልብ በሉ፤ አንድ ዓመት ነው። እኛ ግን በሦስተኛው ቀን «ምንም አልረዳኝም» ብለን እንተዋለን።

ይህን ሥራ የሚያስተምሩት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ናቸው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል፤ በትላልቅ ሆስፒታሎችም ክፍሉ አለ። ነገር ግን ብዙ ሕመምተኛ ፊዚዮቴራፒ ማለት ተኝቶ መታሸት ይመስለዋል። መታሸቱና ሞቅ ያለ ፎጣው ለጊዜው ሕመም ያስታግሣሉ፤ ጡንቻውን የሚያጠነክረው ግን ሕመምተኛው ራሱ ቤቱ ሄዶ የሚሠራው ነው። የአንገት ማሰሪያም እንዲሁ ነው። ለጥቂት ቀን ያሳርፋል፤ ለወራት ከታሰረ ግን ጡንቻውን ያሰንፈዋል። ሲጋራ ለሚያጨስም ማቆሙ ለዲስኩም ጭምር ይበጀዋል።

መድኃኒትን በሚመለከት ከአንድ ፋርማሲ ወደ ሌላው እየዞሩ የዲክሎፌናክ መርፌ መወጋት ልማድ እየሆነ መጥቷል። እንዲህ ያሉት መድኃኒቶች ሕመም ያበርዳሉ እንጂ ዲስክ አይጠግኑም፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራን ያደማሉ፤ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ትራማዶል የመሰለው ደግሞ ሱስ ያስይዛል። ነርቭ የሚነዝረው ሰው ለነርቭ ሕመም ተለይቶ የሚሰጥ መድኃኒት ሐኪሙ ሊያዝለት ይችላል። መድኃኒት የሚመሰገነው ሰውየው ሌሊት እንዲተኛና ቀን እንዲንቀሳቀስ ሲያስችለው ነው።

ስለ ወጌሻ ስናገር የአያቶቻችንን ጥበብ ለመናቅ እንዳይመስልብኝ። ሐኪም ባልደረሰበት አገር የተሰበረን ሲያስርና የወለቀን ሲመልስ የኖረ ባለሙያ ክብር ይገባዋል። ነገር ግን አንገት እንደ ቁርጭምጭሚት አይደለም። አንገት በድንገት ሲጠመዘዝ ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ሥር ሊቀደድ ይችላል። ይህ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው፤ ሲደርስ ግን ሰውን በአንድ ጎኑ ሽባ ያደርጋል። አጥንቱን ነቀርሳ የበላው ወይም ኅብለ ሰረሰሩ የተጫነ ሰው ከሆነ ደግሞ አደጋው እጅግ የባሰ ነው። ስለዚህ ክንዴ ደነዘዘ፥ እግሬ ከበደኝ የሚል ሰው አንገቱን ለማንም እንዳያስጠመዝዝ አጥብቄ እለምናለሁ።

በአከርካሪ አካባቢ የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌም ሌላው አማራጭ ነው። ወደ ክንድ የሚወርድን ሕመም ለሳምንታት ሊያስታግሥ ይችላል፤ ዘላቂ ፈውስ ነው ለማለት ግን አያስደፍርም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2014 ይኸው መርፌ ከስንት አንዴ ቢሆንም የዓይን ብርሃን እስከ ማሳጣት፥ እስከ ሽባነትና እስከ ሞት ሊያደርስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። በሠለጠነ እጅ፥ በራጅ እየታየ የሚሰጥ መሆኑን ሳያረጋግጥ ማንም ሰው አንገቱን ሊሰጥ አይገባውም። ከደም ተጣርቶ ወይም ከመቅኔ ተወስዶ ዲስክን ያድሳል እየተባለ በውድ ዋጋ የሚሸጠውም መርፌ ገና በቂ ማስረጃ አልቀረበለትም።

የመጨረሻው ቀዶ ጥገና ነው። ከአንገት ፊት ለፊት ገብቶ የተጎዳውን ዲስክ አውጥቶ ሁለቱን አጥንቶች የሚያጋጥመው ዘዴ በ1958 በአሜሪካ በስሚዝና በሮቢንሰን፥ እንዲሁም በክላውርድ ጽሑፎች ከታወቀ ወዲህ ብዙ ሰው ጠቅሟል። ከ2007 ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ በዲስኩ ፋንታ የሚንቀሳቀስ ሰው ሠራሽ ዲስክ እንዲገባ ተፈቅዷል። ኅብለ ሰረሰሩ ተጭኖ እጅ እግሩ እየደከመ ለሚሄድ ሰው ቀዶ ጥገና ቅንጦት አይደለም፤ መዘግየቱ ራሱ ጉዳት ነው። ነርቩ ተነክቶ ለወራት በሌላ ሕክምና ላልተሻለውም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በ1997 በታተመ የስዊድን ጥናት የነርቭ ሕመም የጸናባቸው 81 ሰዎች በሦስት ተከፍለው፥ አንዱ ክፍል በቀዶ ጥገና፥ ሁለተኛው በፊዚዮቴራፒ፥ ሦስተኛው በአንገት ማሰሪያ ቢታከሙ፥ ቀዶ ጥገናው በመጀመሪያዎቹ ወራት ቶሎ አሽሏል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ግን በሦስቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። በ1999 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ አጥንታቸው የተጋጠመ 374 ሰዎችን ተከታትሎ፥ በየዓመቱ ከመቶው ወደ 3 በሚጠጉት ላይ ከተጋጠመው አጠገብ ያለው ክፍል አዲስ ሕመም እንደሚያመጣ አሳይቷል። ሕመሙ በአንገቱ ብቻ ለቀረ ሰው ቀዶ ጥገናው የሚሰጠው ጥቅም ከሁሉም ይልቅ አጠራጣሪ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ በዚህ ላይ መቸኮል መዘዙ ብዙ ነው።

እዚህ ላይ የገንዘቡ ነገር ይመጣል። ስንት ቤተሰብ ነው መሬቱን ሸጦ፥ ከዕቁብና ከዕድር ተበድሮ፥ ልጁን በአውሮፕላን የሚልከው! በእርግጥ ወደ ውጭ መሄድ የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይዋ ከበርገን ከተማ ሐኪሞች ጋር በመተባበር የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ጥገና ሐኪሞችን ማሠልጠን ከተጀመረበት ከ2006 ወዲህ፥ በአገራችን ይህን ሥራ የተማሩ ባለሙያዎች ወጥተዋል። መጀመሪያ የእነርሱን ምክር መስማት ከአውሮፕላን ቲኬት በእጅጉ ይረክሳል። ወረፋው ረጅም፥ መሣሪያውም ውስን መሆኑ እውነት ነው። ይህ የመንግሥትን ትጋት የሚጠይቅ ነው፤ በተለይም በየክፍለ ሀገሩ ያለው ሕመምተኛ ፊዚዮቴራፒ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት የለበትም።

ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም አንድ ቃል አለኝ። ሠራተኛ ከጠረጴዛው ሳይነሣ መዋሉ የትጋት ምልክት ተደርጎ መቆጠሩ ይቅር። አንድ አቋም ይዞ ለሰዓታት መዋል የደከመ አንገትን የባሰ ያደክመዋል። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥቶ ጥቂት የሚራመድ ሠራተኛ ሥራ ፈቶ አይባል። ሕመሙ ከውጭ ስለማይታይም «ይህ ወጣት ያስመስላል» እየተባለ አይዘበትበት። ያፈረ ሰው ሕመሙን ይደብቃል፤ የደበቀም ሰው ዘግይቶ ወደ ሐኪም ይመጣል።

እንግዲህ የአንገት ሕመም የሰነበተበት ወጣት ሐኪም ዘንድ ሲገባ አራት ጥያቄዎችን ጽፎ ይያዝ። ሕመሜ ከአንገት፥ ከነርቭና ከኅብለ ሰረሰር የትኛው ነው? ፎቶግራፉ ላይ የታየው ነገር ከሚሰማኝ ሕመምና ከመረመሩት ሰውነቴ ጋር ይስማማል ወይ? ይህ ሕክምና ባይደረግልኝ በስድስት ወር ውስጥ ምን ይደርስብኛል? ምን ምልክት ባይ ሳልዘገይ ልመለስ? ሐኪምን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ ጥሩ ሐኪም ጠያቂ ሕመምተኛን ይወዳል። ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች መልስ ሳያገኝ ማንም ሰው አንገቱን ለወጌሻ እጅ፥ ለመርፌም ሆነ ለቢላዋ አሳልፎ እንዳይሰጥ፥ ቤተሰቡም መሬቱን እንዳይሸጥ አደራ እላለሁ።